ሰፈራችንን በጋራ እናድስ



የወላይታ እናት ቤትዋን ማጽዳት ታውቃለች። ጊፋታ ሲቃረብ ቤቱ ይጠረጋል፤ ዕቃው ይታጠባል፤ ደጁም ይጸዳል። ስለዚህ መጥረጊያ አያያዝ ልናስተምር አልተነሣንም። ዛሬ የምንነጋገረው ከአጥሩ ውጭ ስላለው ነገር ነው።

አንዲት እናት ቤትዋን በንጽሕና ይዛ ልጅዋ በተቅማጥ ሊታመምባት ይችላል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ጎረቤት እንሰት ጓሮ ውስጥ የተጸዳዳውን ዝንብ ይነካውና መጥቶ ምግቧ ላይ ያርፋል። ዝንብ እኮ አጥር አያውቅም። ዝናብም ሲጥል ጎርፉ የላዩን መንደር ቆሻሻ ጠርጎ ወደ ታችኛው ምንጭ ያወርዳል። እንግዲህ የልጃችን ጤና በእኛ ቤት ብቻ ሳይሆን በጎረቤት ጓሮም የተያዘ ነው።

ይህ ነገር በሶዶ ከተማ ዳር ላሉ ሰፈሮች ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቁሞ ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የገጠሩ መንደርና ከተማው እየተገናኙ ነው። ቤቶች ሲቀራረቡ ቆሻሻውም ይቀራረባል። ቀድሞ ሰፊው ጓሮ የሚሸከመውን ጠባቡ ሰፈር አይሸከመውም። ታዲያ ማን ምን ይሥራ? ድርሻውን በ3 ከፍለን እንመልከት።

አንደኛ፤ የቤተ ሰብ ድርሻ

ይህ ማንንም ሳንጠብቅ ዛሬ የምንጀምረው ነው።

ሽንት ቤት፦ ጉድጓዱ ቢያንስ 2 ሜትር ይጠልቅ። ከምንጭ ወይም ከውኃ ጉድጓድ 30 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከውኃው በታች ባለው ቦታ ይቆፈር። አፉ ክዳን ይኑረው። መቆፈሩ የአባትና የጎልማሳ ልጆች ሥራ ነው፤ በእናት ላይ የሚጣል አይደለም።

የሕፃን ዐይነ ምድር፦ ብዙ ሰው «የሕፃን ነው፤ ጉዳት የለውም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። የሕፃንም ቢሆን በሽታ ያስተላልፋልና ወደ ሽንት ቤት ይጣል።

እጅ መታጠብ፦ ከሽንት ቤት ስንወጣ፣ ሕፃን ካጸዳን በኋላ፣ ምግብ ከመሥራታችን፣ ከመብላታችንና ልጅ ከማጉረሳችን በፊት በሳሙና እንታጠብ። ሳሙና ቢጠፋ አመድ ይሠራል። ትንሽ ጀሪካን በስታ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ብታንጠለጥሉት መታጠቢያ ይሆናል።

ከብቶች፦ ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ እበቱ ዝንብ ይስባል። ዝንብ ደግሞ ዓይን የሚያጠፋውን ትራኮማ ከልጅ ወደ ልጅ ያደርሳል። ለከብቶቹ የተለየ በረት ይሠራ፤ የልጆችም ፊት በየቀኑ ይታጠብ። እበቱ ወደ እንሰቱ ሥር ይሂድ፤ በዚያ ሀብት ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ጠላት ነው።

እግር፦ በወላይታ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። በ1990ዎቹ ዓመታት በወላይታ የተደረገ ጥናት ከ100 ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት አሳይቷል። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በቆዳ ገብቶ፣ በዘር ለዚህ የተጋለጠውን ሰው ይጎዳል። ርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ የታመመውን ከማዕድ፣ ከዕድር ወይም ከጋብቻ ማራቅ ግፍ ነው። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ፣ እግርን በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ፣ የቤትንም ወለል አቧራ እንዳይነሣ አድርጎ መሥራት ነው። የታመመም ቢሆን እግሩን እየታጠበና ጫማ እያደረገ ቢታከም ይሻለዋልና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሁለተኛ፤ የሰፈር ድርሻ

አንድ ቤት ብቻውን የማይችለው አለ። የጎርፍ ቦይ፣ የምንጭ አጥር፣ የጋራ መንገድና የቆሻሻ ጉድጓድ የሁላችንም ሥራ ነው። ለዚህ አዲስ ማኅበር መፍጠር አያሻም፤ ዕድር አለን፤ ደቦም እናውቃለን። ለለቅሶ የሚሰበሰበው ዕድር ልጅ እንዳይሞት ቢሰበሰብ ምን ይከፋል?

ሽንት ቤት መቆፈር ለማይችሉ አሮጊቶችና ሕሙማን ሰፈሩ ይቆፍርላቸው። ይህ ምጽዋት ብቻ አይደለም፤ አንድ ቤት ከቀረ ዝንቡ ከዚያ ይነሣልና። ምንጩን የሚጠብቅ ኮሚቴ ሲመረጥም እናቶች ይግቡበት። ውኃ የሚቀዱት እነርሱ ናቸውና ቧንቧው መቼ እንደሚቋረጥ፣ የት እንደሚያፈስ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ።

ሦስተኛ፤ የመሥሪያ ቤት ድርሻ

ሲሚንቶ፣ ቧንቧ፣ የውኃ ምርመራ፣ ክትባትና ሕክምና ከሰፈሩ ዐቅም በላይ ነው። ይህንን ከጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከውኃ ጽሕፈት ቤትና ከማዘጋጃ ቤት መጠየቅ መብታችን ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው 2 ሴቶች ሠልጥነው እንዲመደቡ ተደርጓል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችን ስትመጣ እንደ ተቆጣጣሪ ሳይሆን እንደ እኅት እንቀበላት፤ የሚያስፈልገንንም እንንገራት።

ስንጠይቅ ግን ባዶ እጃችንን አንሂድ። «ድንጋይና አሸዋ አቅርበናል፤ ቦዩን ቆፍረናል፤ የምንጩን ዙሪያ አጥረናል፤ እናንተ ሲሚንቶና ግንበኛ ስጡን» ስንል ነገሩ ይቀላል። መሥሪያ ቤቱም ቢሆን ሕዝቡን ሳያማክር ሠርቶ ቢሄድ ሥራው ሳይቆይ ይበላሻል። ቧንቧው ሲሰበር «የመንግሥት ነው» ተብሎ ይተዋል። ሰው የሚጠብቀው የራሱ የሆነውን ነውና።

ከሁምቦ ምን እንማራለን?

ይህ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከሶዶ በስተ ደቡብ ያለውን ሁምቦን ተመልከቱ። ደኑ ተመንጥሮ ተራራው ተራቁቶ ነበር። ነዋሪዎቹ 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት አቋቁመው መሬቱን ከግጦሽና ከመጥረቢያ ከለሉ። ወርልድ ቪዥን ኢትዮጵያ ዘዴውን አስተማረ፤ መንግሥት የመጠቀም መብታቸውን አጸና፤ የዓለም ባንክም ደኑ አምቆ ከሚያስቀረው ካርቦን ድርሻ ገዛ። ከነባር ጉቶዎች የወጡት ቀንበጦች ተመርጠው፣ ተገርዘው አደጉ። እንዲህ ሆኖ 2,728 ሄክታር የሚሸፍነው ሥራ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተመዘገበ።

ልብ በሉ፤ ነዋሪው ባይጠብቅ የውጭ ገንዘብ ደን አያበቅልም ነበር። መሥሪያ ቤቶቹም ባያግዙ ነዋሪው ዘዴውንና ገበያውን ብቻውን አያገኝም ነበር። ሰፈርም እንደዚሁ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ?

ምን ይደረግ?

በዚህ ሳምንት የየቤታችንን ሽንት ቤትና መታጠቢያ እንይ። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ አንድ የጋራ ሥራ፣ አንድ ብቻ፣ እንምረጥ፤ ቀን እንቁረጥለት። እርሱ ሲያልቅ ሌላውን እንጀምር። በየዓመቱም ጊፋታ ከመድረሱ በፊት የተሠራውን ሁሉ አብረን ዞረን እንይ፤ የተበላሸውን እንጠግን።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችን ሽንት ቤት የሌለው ቤት ስንት ነው? ማንስ ይቆፍርለት?
2. የምንጠጣው ውኃ በላይ በኩል ምን አለ?
3. ከመሥሪያ ቤት ከመጠየቃችን በፊት በእጃችን የምናቀርበው ምንድን ነው?