ምን አደረገ? ወይስ የማን ወገን ነው?



ኤረር በር ከሐረር ጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው፤ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ይሉታል። ባለፈው ሰሞን በዚህ በር ስናልፍ ከእኛ መካከል አንዱ ከአንዲት ሽንኩርት ሻጭ እናት ጋር በዋጋ ሳይስማማ ቀረ። ጥቂት ራቅ እንዳልን፣ «እነርሱ እኮ ሁሉም እንዲሁ ናቸው!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ማታ በጥናት ሰዓት ግን ሳቃችን አሳፈረን። የአንዲት ሴት ዋጋ እንዴት የአንድ ሕዝብ ጠባይ ሆነ? ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው ከዚያ ኀፍረት ተነሥተን ነው።

በመሠረቱ የፍትሕ ጥያቄ «ይህ ሰው ምን አደረገ?» የሚል ነው። ጭፍን ጥላቻ ደግሞ በዚያ ፋንታ «የማን ወገን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው በገበያ ሲነሣ ስድብ ሆኖ ይቀራል፤ ባለ ሥልጣን ሲያነሣው ግን እስራትና ሞት ይሆናል። ይህን በሁለት የካቲት 12 ቀኖች እንመልከት።

የመጀመሪያው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ፋሺስቶች ግን ወርዋሪዎቹን ብቻ አልፈለጉም፤ ለሦስት ቀን ያገኙትን ኢትዮጵያዊ ገደሉ፤ ቤቶችን አቃጠሉ። ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ታደርሰዋለች። በግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ።

«እርሱ የፋሺስት ሥራ ነው፤ ምርጫና ፍርድ ቤት ባለበት አገር ይህ አይደረግም» የሚል ይኖራል። እንግዲህ ሁለተኛውን ቀን እንይ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1934 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቁጥር 9066 የተባለውን ትእዛዝ ፈረሙ። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች ገና ሦስት ወር አልሞላም ነበር። ትእዛዙ የማንንም ዘር በስም አይጠራም፤ የጦር አዛዦች ከመረጡት ክልል ማንንም ሰው እንዲያስወጡ ብቻ ይፈቅዳል። በተግባር ግን የጃፓን ዘር ያላቸው 120,000 ያህል ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው በሽቦ በታጠረ ሰፈር ተዘጉ። አብዛኞቹ እዚያው የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ክስ አልቀረበባቸውም፤ ፍርድም አልተሰጠባቸውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንኳ በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ማስወጣቱን ደገፈ።

በ1975 ዓ.ም. የአገሪቱ አጣሪ ኮሚሽን ምክንያቱ የዘር ጥላቻ፣ የጦርነት ፍርሃትና የመሪዎች ድክመት እንደ ነበረ ገለጸ። በነሐሴ 1980 ዓ.ም. መንግሥት በሕግ ይቅርታ ጠየቀ፤ በሕይወት ለተገኙትም ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሣ ተወሰነ። ይቅርታው 46 ዓመት ፈጀ። ስንቶች ሳይሰሙት ሞቱ!

ሩቅ አገርን መውቀስ ቀላል ነው። በከተማችንስ? በ1940 ዓ.ም. ከሐረር የሄዱ መልእክተኞች በሞቃዲሾ ለነበረው የአራቱ ኃያላን መንግሥታት ኮሚሽን አቤቱታ አቀረቡ። አቤቱታውን የወሰዱት ጥቂቶች ነበሩ፤ እስራቱና የንብረት ውርሱ ግን በብዙ ሐረሪዎች ላይ ወረደ። ብዙዎችም ከተማቸውን ለቀው ሄዱ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ደግሞ «ፀረ ሕዝብ» የሚል ስም ያለ ፍርድ ለመግደል ይበቃ ነበር።

«ታዲያ መንግሥት ጠላቱን አይከላከልም ወይ?» ይባል ይሆናል። ይከላከላል እንጂ! ጥፋተኛውን በማስረጃ ይከሳል፤ በፍርድ ይቀጣል። ነገር ግን አንድን ወገን ያለ ፍርድ የመቅጣት ሥልጣን አንድ ጊዜ ከተሰጠው፣ ነገ በሌላው ላይ እንዳያነሣው የሚከለክለው ምንድን ነው? ዛሬ በጎረቤታችን ላይ ሲደረግ ያጨበጨብንለት ነገ በእኛ ላይ ሲመጣ የሚጮኽልን አይገኝም።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 1 ፈርዖን ዕብራውያንን የፈራው በሠሩት ጥፋት ሳይሆን በብዛታቸው ነበር። ክፉ ትእዛዙን መፈጸም እምቢ ያሉት ደግሞ ጦር ያልያዙ ሁለት አዋላጆች፣ ሲፓራና ፉሐ ናቸው። የእኛ ድርሻም ከዚያ አይርቅም፤ በእጃችን ባለው ሥራና በአፋችን ባለው ቃል እምቢ ማለት ነው። በኤረር በር በኩል ዳግመኛ ስናልፍ፣ «ሁሉም እንዲሁ ናቸው» የሚል ቢኖር ከመሳቅ ይልቅ «ማን? ምን አደረገ?» ብለን ልንጠይቀው ተስማምተናል።

ለውይይት፦
1. በቤታችን ስለ ጎረቤት ወገን በጅምላ የሚነገር ምን አባባል አለ?
2. የአሜሪካው ትእዛዝ የዘር ስም ሳይጠራ እንዴት አንድን ዘር ለይቶ መታ?
3. ጓደኛችን ሲሳደብ ዝም ማለታችን ከስድቡ በምን ይለያል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር