የመጨረሻው መቺ

ስለ ክሪኬት የሚናገር ጽሑፍ ከአዋሽ ልጅ መምጣቱ ያስገርማችሁ ይሆናል። እኔም ጨዋታውን ያወቅሁት በማንበብና በስልክ በማየት ብቻ ነው። ነገር ግን አንዱ ክፍል ሰመራ ላይ የደረሰብኝን ስላስታወሰኝ፥ ለትምህርት ይሆናል ብዬ ላቀርበው ወደድሁ።

በክሪኬት እያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾች አሉት። አንዱ ወገን ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ እየመታ ነጥብ ይሰበስባል። መቺዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በሜዳው ይቆማሉ። ከመቺው በስተኋላ የተተከሉት ሦስት እንጨቶች በኳስ ከተመቱ፥ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ፥ እርሱ ይወጣና ሌላው ይተካል። ዐዋቂዎቹ በፊት ይገባሉ፤ በመጨረሻ የሚገቡት ግን ሙያቸው መወርወር እንጂ መምታት ያይደለ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ተራቸው ሲደርስ «አልችልም» ብሎ መቅረት የለም።

የእነዚህ ሰዎች ጨዋታ ደስ የሚያሰኘው መጨረሻው ስለማይታወቅ ነው። የኒው ዚላንዱ ወርዋሪ ክሪስ ማርቲን እስከ አምስት ቀን በሚቆየው የአገሮች ግጥሚያ 71 ጊዜ ተሰልፎ 233 መቺዎችን ሲያስወጣ፥ በዱላው ያገኘው ግን 123 ነጥብ ብቻ ነበር። በአንጻሩ አውስትራሊያዊው አሽተን ኤገር በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ገና በ19 ዓመቱ፥ በመጀመሪያ ግጥሚያው፥ 11ኛ ሆኖ ገብቶ 98 ነጥብ አገኘ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የማረከኝ የእንግሊዙ ጃክ ሊች ነው። ነሐሴ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ፥ እንግሊዝ አውስትራሊያን ለማሸነፍ ገና 73 ነጥብ ሲቀራት እርሱ በመጨረሻ ገባ። ጓደኛው ቤን ስቶክስ በወዲያኛው ጫፍ ሲመታ፥ ሊች መነጽሩን እየወለወለ 17 ኳስ መከተ። ያገኘው 1 ነጥብ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ስላልወጣ አገሩ አሸነፈች።

ለእኛ የዚህ ነገር አምሳያ በእግር ኳስ ይገኛል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰች ጊዜ፥ ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፥ በሩስተንበርግ ከናይጄሪያ ጋር ስትጫወት፥ በረኛው ሲሳይ ባንጫ በማለቂያው ላይ በቀይ ካርድ ወጣ። የሚቀየር ሰው ስላልነበረ አማካዩ አዲስ ሕንጻ በግቡ ሥር ቆመ። ፍጹም ቅጣት ምቱ ገባበት፤ ግጥሚያውም 2 ለ 0 አለቀ። እርሱ ግን ሙያው ካልሆነው ቦታ አልሸሸም።

እኔም ይህን ቀምሼዋለሁ። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ሰመራ ሄደን፥ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ከዚያ ልጆች ጋር ተጋጠምን። የበረኛችን ጣት ወለም ስላለ ተከላካዩ እኔ በረኛ ሆንሁ። ሁለት ኳስ በእግሮቼ መካከል አለፈ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እንባዬም መጣ። ሦስተኛውን ግን ዓይኔን ጨፍኜ ብዘል ከጉልበቴ ተላትሞ ወጣ። ያን ጊዜ የሰመራ ልጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡልኝ። በእርግጥ ተሸነፍን፤ ነገር ግን መንገደኛ ለመንገደኛ ወሬ የሚያቀብልበት የአፋር ዳጉ ከአውቶቡሳችን ቀድሞ አዋሽ ገብቶ ኖሮ፥ አባቴ በር ላይ «ጉልበትህ ደኅና ነው?» ሲል ተቀበለኝ። ስለ ውጤቱ አልጠየቀኝም።

ከዚህ የተማርሁት ይህ ነው፤ ዐዋቂ ሲመታ እናደንቀዋለን፤ የማይችለው ሲሞክር ግን ራሳችንን በእርሱ ስለምናይ ከልባችን እንስቃለን፥ ከልባችንም እናጨበጭባለን። ይህን ደስታ ለማግኘት ግን እርሱ አስቀድሞ መግባት አለበት። በክፍላችን ጨዋታ ሁልጊዜ «አንተ ቁጭ በል» የሚባል አንድ ልጅ አለ፤ እኔም ብዬዋለሁ። በሚቀጥለው ጨዋታ ቦታዬን ለእርሱ እለቃለሁ፤ እናንተም መጥታችሁ ተመልከቱ።