«በሽታዋ ተነሳባት» ከማለታችን በፊት

ውድ እህቶቼ፣ የዛሬው ትምህርታችን ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባት እህት ቫይረስ ሲይዛት ምን እንደሚሆን ነው። ይህን መጀመሪያ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ጃብሪያ በአንድ ቤት አብራኝ ትሠራ ከነበረች እህት ነው። ያኔ እኔም እንደ እናንተ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ።

ጊዜው የኮሮና ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 10 እስከ 30 ቀን 2020 ኩዌት ሙሉ በሙሉ ተዘግታ እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። ያቺ እህት ከአገር ቤት ጀምሮ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ ሕመም ነበረባት፤ ሐኪሞች ስኪዞፍሬኒያ ይሉታል። ኪኒኗን ሻንጣዋ ውስጥ ደብቃ ትወስዳለች፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ሳል ጀመራት፤ ማታውን ገላዋ እንደ ምጣድ ጋለ። በማግስቱ ሌሊት እናቷን ትጣራ፣ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል ትል፣ ከአልጋዋ ተነስታ ልትወጣ ትታገል ጀመር። እኔም «በቃ፣ በሽታዋ ተነሳባት» አልኩ። ጸበል ረጨኋት፣ ጸለይኩ፣ ማዳም እንዳትሰማ በሩን ዘጋሁ። ከተሰማ ወደ አገሯ ይመልሷታል ብዬ ፈርቼ ነው። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል፣ ከንፈሯም ሲጠቁር አይቼ ጮህኩ፤ 112 ተደውሎ አምቡላንስ መጣ። ሆስፒታል ስትደርስ በደሟ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በጣም ወርዶ ነበር። ያቃዣት የድሮ ሕመሟ ሳይሆን ትኩሳቱና የአየር እጥረቱ ኖሯል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች።

ጸሎቱና ጸበሉ ስህተት ነበር አልልም። በሩን መዝጋቴ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ይህ ስህተት የእኔ ብቻ አይደለም። በአገራችን ቡታጅራ አካባቢ ተመራማሪዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታትለው ነበር። ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ፦ 121ዱ ሞተዋል፤ በአማካይም መኖር ከሚገባቸው ዕድሜ 30 ዓመት ያህል ቀድመው። ሰው «አእምሮ የታመመ ራሱን ያጠፋል፣ ወይም መኪና ይገጨዋል» ይላል። እንዲህ የሞቱም ነበሩ፤ ነገር ግን ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ኢንፌክሽን ነው፤ ሌላው ሰው ታክሞ የሚድንበት ዓይነት በሽታ። በኮሮና ጊዜም ኒው ዮርክ በተደረገ ጥናት፣ ኮሮና ከያዛቸው መካከል ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ለምን ቢባል፣ አንዱ ምክንያት እኔ ያደረግኩት ነው፤ የምትናገረውን ሁሉ ለአእምሮ ሕመሟ እንሰጠዋለን። «ደረቴን ወጋኝ» ስትል እንኳ የሚያምናት የለም። ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ ደግሞ ክብደትና ስኳር ይጨምራሉ፤ ስኳር ያለበትን ሰው ቫይረስ ይበረታበታል። በሌላ በኩል ቫይረሱ ራሱ አእምሮን ይነካል፤ ትኩሳት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ውሃ ማነስ፣ ሲያስመልሳት ኪኒኑን አብራ ማውጣቷ፣ እነዚህ ሁሉ ተኝቶ የነበረውን ሕመም ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ስለዚህ አንዳንዴ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ።

ታዲያ እንዴት እንለያለን? መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው፤ እኛ ግን መጠርጠር እንችላለን። የድሮው ሕመም ሲመለስ ብዙውን ጊዜ በቀናትና በሳምንታት ነው፤ የት እንዳለች፣ አንቺም ማን እንደሆንሽ ታውቃለች። የትኩሳት ቅዠት በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፤ ቀን ሻል ብሏት ማታ ይብስባታል፤ ቦታውና ቀኑ ይጠፋባታል፤ አንዴ ትጮሃለች፣ አንዴ ትፈዛለች። ትኩሳት ኖሯት እንዲህ ከሆነች፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራት፣ ሌሊትም ቢሆን 112 ይደወል። በሹዌይኽ ያለው የኩዌት የአእምሮ ጤና ማዕከል ለአእምሮ ሕመም ትክክለኛው ቦታ ነው፤ ትኩሳት ያላት ግን አስቀድማ አጠቃላይ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ትታይ።

መድኃኒቱን በተመለከተ አደራ፣ «ጉንፋን ይዞኛልና ላቁመው» ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። ሊትየም የምትወስድ ካስመለሳት ወይም ካስቀመጣት መድኃኒቱ በደሟ ውስጥ ሊከማችና ሊመርዛት ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ትጠይቅ። ለትኩሳቱም ብሩፊን አትውሰድ፤ ፓናዶል ይሻላታል። ክሎዛፒን የምትወስድ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከጀመራት ሳትውል ሳታድር ደሟ ይመርመር፤ ይህ መድኃኒት በጥቂት ሰዎች ላይ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሕዋስ ይቀንሳል። ድምፅ ለሚያሰማ ሕመም ኪኒን የምትወስድ እህት ከትኩሳቱ ጋር ሰውነቷ እንደ እንጨት ከደረቀ አንድ ሰዓትም አይጠበቅ። እነዚህ ኪኒኖች ሰውነት ላብ አውጥቶ እንዳይቀዘቅዝም ያግዱታል፤ በኩዌት በጋ ጣራ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሁሉ ይህን ትወቅ። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከክረምቱ በፊት በሰፈራችሁ ሙስተውሰፍ ጠይቁ።

«ማዳም ብታውቅስ?» ትሉኛላችሁ። ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። የ2015ቱ የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ መድኃኒትና ሕክምና በአሠሪው ላይ የተጣለ ግዴታ መሆኑን ይናገራል፤ ሕግ ጠቅሶ ማዳምን መከራከር ግን ቀላል እንዳልሆነ ኖሬበታለሁ። ለማዳም «ዒንዲ ሐራራ፣ ወዲኒ ሙስተሽፋ» ማለት ይበቃል፤ ትኩሳት አለብኝ፣ ሆስፒታል ውሰጂኝ ማለት ነው። የኪኒኑን ነገር ለሐኪሙ ብቻ ንገሩ።

ለዚህም ትንሽ ወረቀት አዘጋጁ። የመድኃኒቱን ስም፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነና በቀን ስንቴ እንደምትወስዱት ከካርቶኑ ላይ ገልብጡና ከሲቪል አይዲያችሁ ጀርባ አስቀምጡ። ያቺ እህት አምቡላንስ ውስጥ ስትገባ ምን እንደምትወስድ ሲጠይቁኝ ስሙን አላውቀውም ነበር፤ «ነጭ ኪኒን» ብቻ ነው ያልኩት። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ ጁምዓ ዕለት ስትመጡ ካርቶኑን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንጽፈዋለን።