ሳይንስ የታመነ እንጀራ ነውን?

ጥሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው ጐዳና ላይ ያለች የአዊ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ስለ ሆነ ገበሬው ገብስና ድንች፥ ጤፍም ያመርታል። በዚህ አገር የሚኖር አባት ልጁ «ሳይንስ እማራለሁ» ባለው ጊዜ አስቀድሞ «ተምረህስ ምን ትበላለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አባትየው እንዲህ ብሎ በመጠየቁ አይነቀፍም። ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠ ሰው ስለ ነገ ሊያስብ ይገባዋል።

ልጆች ሆይ፥ የታመነ ሥራ የሚባለው የትኛው እንደ ሆነ አስተውሉ። የአዊ ገበሬ የታመነ ሀብት አድርጎ የያዘው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ነበር። ዛፉ ከአውስትራልያ የመጣ ነው። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋራ በአንድ እርሻ ይተክለዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ይሰበስባል፤ ከዚያም በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቈርጦ ከሰል ያከስላል። ከሰሉም በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከዚህ ገንዘብ የቆርቆሮ ቤት የሠራ ብዙ ነው።

ነገር ግን በቅርብ ዓመታት ዋግ በዛፉ ላይ ወረደበት። ቅጠሉና ቀምበጡ እንደ ዛገ ብረት ቀላ፤ ብዙ ችግኝ ሳያድግ ደረቀ። የዋግ ዘር ከትቢያ ይልቅ የደቀቀ ስለ ሆነ ነፋስ ከእርሻ ወደ እርሻ ያደርሰዋል፤ ያለ አጉሊ መነጽርም አይለይም። ገበሬው ምሳር ቢያነሣ፥ አጥርም ቢያጥር አይከለክለውም። የዚህን ሕመም ጠባይ ለማወቅ የተክልን በሽታ የተማረ ሰው ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ትምህርት የተማረች ሴት ከዚሁ ጐዳና ወጥታለች። ከጥሊሊ ቡሬን ዐልፎ ፍኖተ ሰላም ይገኛል፤ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የተወለዱት በዚያ ነው። በልጅነታቸው የአንበጣ መንጋ ወርዶ የቤተ ሰባቸውን አዝመራ ሲያጠፋ አዩ። በዚያ ዘመን የሴት ልጅ ዕጣ ፈጥኖ መዳር ነበር፤ እርሳቸው ግን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ከአገራቸውም ሴቶች ወደዚያ በመግባት የመጀመሪያዋ ሆኑ። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።) በአሜሪካ ስለ ተክል ሕመም ተምረው በ1989 ዓ.ም. ዶክተር ተባሉ። ከ1992 እስከ 2007 ዓ.ም. በኮሎምብያ አገር ሠሩ። ከዚያ በኋላ ወደ አፍሪቃ ተመልሰው ከ2013 እስከ 2023 ዓ.ም. በናይሮቢ የሚገኘውን ታላቅ የነፍሳት ምርምር ማእከል መሩ።

ይህን የሚሰማ ልጅ «እንግዲያስ ሳይንስ ያበላል» ይል ይሆናል። ዳሩ ግን ዋጋውን ደግሞ ይቍጠር፤ ከአገር ርቆ ብዙ ዘመን መኖር ቀላል አይደለም። ሁሉም እዚያ አይደርስም። ዲግሪ ይዘው ሥራ ሳያገኙ ከአባታቸው ቤት የተቀመጡ ወጣቶች አሉ፤ ይህን ከልጅ መሰወር ደግ አይደለም። በሌላ ወገን ሳይንስ የተማረ ሁሉ መርማሪ አይሆንም፤ በጤና ጣቢያ ደም የሚመረምረው፥ ለገበሬ ዘር የሚመርጠው፥ በትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምረው ሁሉ እንጀራውን የሚበላው በዚሁ ትምህርት ነው። ዛሬ ለጥሊሊ ልጅ እንጅባራ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለለት።

ከደመወዝ ይልቅ የሚከብደው መጠበቅ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓ.ም. ዐድዋ ሄደው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከማጠቢያው በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር፤ ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን ደኅና ነበሩ። የቢልሃርዝያ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ስለ ሆነ፥ አክሊሉ በድሆች አጥር ላይ መድኃኒት እንደ ተገኘ አስተዋሉ። ያዩት ነገር በየሴቱ እጅ የነበረ ነው፤ ለምን እንደ ሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ነገሩን ለዓለም ማስረዳት ግን ዕድሜ ፈጀ። ታላላቅ የውጭ ማኅበሮች በኢትዮጵያ የተደረገውን ምርመራ በቶሎ አላመኑም፤ ሌላ ምርመራ፥ ከዚያም ሌላ ጠየቁ። ከሥራ ጓደኛቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ የታወቀ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ከዐድዋው ቀን 25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አክሊሉ በ1997 ዓ.ም. ሲያርፉ እንዶድ እርሳቸው እንደ ተመኙት በየወንዙ አልተዳረሰም ነበር። በአዲስ አበባ የመሠረቱት የምርምር ቤት ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ተማሪዎችም በዚያ ተቀምጠው ስለ በሽታዎች ይመረምራሉ።