ከድብርት የዳነ ሰው ልቡን ስለ መሰብሰብ

ድብርት የተባለው የአእምሮ ሕመም እንደ ሌላው ደዌ ሁሉ በሕክምና የሚረዳ ነው። ነገር ግን ተመላልሶ የመምጣት ጠባይ ስላለው፣ ከሕመሙ የተነሣ ሰው ጤናውን የሚጠብቅበትን ዘዴ ማወቅ ይገባዋል። መዳን ማለትም የሕመሙ ምልክት መጥፋት ብቻ አይደለም፤ ሰው ወደ ሥራው፣ ወደ ቤተ ሰቡና ወደ ወዳጆቹ ተመልሶ ኑሮውን በራሱ ፈቃድ ሲመራ ነው። ለዚህ ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ ልብን መሰብሰብ ነው።

ልብን መሰብሰብ ምንድን ነው?

ሰው አሁን የሚሠራውን፣ የሚሰማውንና የሚያስበውን ሳይፈርድበትና ሳይሸሸው ልብ ማለት ነው። ዘዴው ከቡድሃ ሃይማኖት ተከታዮች ልማድ የተገኘ ቢሆንም፣ በሕክምና ቤት ሲሰጥ ከሃይማኖት ሥርዓት ተለይቶ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ጆን ካባት ዚን በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ለሕሙማን ማስተማር ጀመረ። ኋላም ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊልያምስና ጆን ቲዝዴል የድብርትን መመለስ ለመከላከል የ8 ሳምንት ትምህርት አዘጋጁ።

ለምን ይጠቅማል?

ብዙ ሰው ድብርት የያዘውን «አታስብ» ይለዋል። ይሁን እንጂ ሐሳብን በትእዛዝ ማባረር አይቻልም። ደጋግሞ የታመመ ሰው ጥቂት ኀዘን ሲሰማው «እኔ ዋጋ የለኝም» የሚለው የቀድሞ ሐሳብ ይቀሰቀስበታል፤ ይህን ሲያብሰለስል መዋሉም ሕመሙን ይጠራዋል። ልቡን መሰብሰብ የተማረ ግን «ይህ የመጣብኝ ሐሳብ ነው፤ የታሰበ ሁሉ እውነት አይደለም» ብሎ ከመነሻው ያውቀዋል።

በ2004 በታተመ ምርመራ፣ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከታመሙት መካከል በተለመደው ሕክምና ብቻ ከቆዩት ከመቶ 78ቱ ሲያገረሽባቸው፣ ትምህርቱ ከታከለላቸው ያገረሸባቸው ከመቶ 36ቱ ናቸው። 2 ጊዜ ብቻ ለታመሙት ግን ይህን የመሰለ ጥቅም አልታየም።

እንዴት ይለማመዱታል?

1ኛ/ በየቀኑ ጸጥ ባለ ስፍራ ለ5 ደቂቃ ተቀምጦ የትንፋሽን መግባትና መውጣት ማስተዋል።

2ኛ/ ሐሳብ ሲባክን ራስን ሳይወቅሱ ወደ ትንፋሽ መመለስ፤ ልምምዱ ይህ መመለስ ነው።

3ኛ/ ከዕለት ሥራ አንዱን በሙሉ ልብ መሥራት፤ ለምሳሌ እጅ ሲታጠቡ የውሃውን ቅዝቃዜና የሳሙናውን ሽታ ልብ ማለት።

4ኛ/ የሕመሙን መመለስ የሚያመለክቱትን፣ እንደ እንቅልፍ ማጣትና ከሰው መሸሽ ያሉትን፣ ጽፎ መያዝ፤ ሲታዩም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ።

ማስጠንቀቂያ

ይህ ልምምድ የመድኃኒት ምትክ አይደለም። ደኅና ሆንኩ ብሎ ያለ ሐኪም ፈቃድ መድኃኒት ማቋረጥ አደገኛ ነው። የሌለ ድምፅ የሚሰማው ወይም ያለፈ መከራ የሚያስጨንቀው ሰው ያለ ባለሙያ ረጅም ጊዜ በዝምታ መቀመጥ አይገባውም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብም ቢኖር ብቻውን ሳይተዉት ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ቤት ያድርሱት።

መምህራን ሆይ፣ ባልደረባችሁ ወይም ተማሪያችሁ ከሕመም ሲመለስ በሹክሹክታ አትቀበሉት። ሥራውን መልሱለት፤ ጥቂት የጸጥታ ጊዜም ስጡት። ልቡን ሊሰበስብ የሚችለው በሰው ዘንድ ስፍራ እንዳለው ሲያውቅ ነውና።