አምፑሉና ምጣዱ

በአገራችን ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባ በተነሣ ቁጥር ምክሩ «አምፑል አጥፉ» ነው። እስቲ ሒሳቡን እንመልከተው። የእንጀራ ምጣድ ቢያንስ 3 ኪሎዋት ያህል ይስባል። ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚፈጀውን ኃይል፣ ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፑል በየማታው 5 ሰዓት እየበራ ለመጨረስ ከ2 ወር በላይ ይወስድበታል! ከሙቀቱም ጥቂት የማይባለው እንጀራው ዘንድ አይደርስም፤ ሸክላው ወፍራም ስለ ሆነ ለመጋል ይዘገያል፣ ከሥርና ከጎንም ይባክናል። ሰፈሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲጋግር (የበዓል ዋዜማን ያስታውሷል) ትራንስፎርመሩ ይጨነቃል።

እናቶቻችንን «ቆጥቡ» ማለት ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ አንዴ በጋለ ምጣድ የሳምንቱን እንጀራ አከታትለው መጋገር ያውቁበታል። መጠየቅ ያለበት ሠሪው ነው፦ ሸክላው ይሳሳ፣ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ መከለያ ይግባለት፣ አክንባሎው ይግጠም። ዋጋው መጨመሩ አይቀርም፤ ጭማሪውን ግን ከወሩ የመብራት ሒሳብ ጋር ጥቂት በጥቂት ማስከፈል ይቻላል።