ፊያሜታ ወይስ ሮማን

ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የተከደነች አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ዛሬ የሞባይል ካርድ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጥባታል። በደርግ ዘመን ግን መጽሐፍ ይከራይባት ነበር። መጽሐፉን ያከራዩ የነበሩት ጋሼ ሱቁን ለልጃቸው ቢያስረክቡም ከበሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ አይጠፉም። የምታነጋግራቸው ልጅ የጎረቤት ልጅ ናት፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣች።

ልጅቷ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ዛሬ ካርድ አልፈልግም፤ እንዲያስታርቁኝ ነው የመጣሁት።

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ደግሞ ከማን ጋር ተጣላሽ? ነይ ተቀመጪ።

ልጅቷ፦ ከጓደኞቼ ጋር። አምስት ሆነን በየወሩ አንድ መጽሐፍ እናነባለን፤ የዚህ ወር ተራ የበዓሉ ግርማ ልቦለድ የኦሮማይ ነበር። አንዷ እያለቀሰች ጨረሰችው። አንዱ «ስብሰባውና ዘመቻው ሰለቸኝ፣ እየዘለልኩ ፍቅሩን ብቻ አነበብኩ» አለ። ሌላው ደግሞ «ፍቅሩ ባይገባበት ኖሮ ትልቅ መጽሐፍ ነበር» ብሎ ተቆጣ። አራተኛዋ መሃል ላይ ስትደርስ ተወችው። እኔ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ጸጋዬን አንቄ ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሼ፦ ምን አደረገሽ?

ልጅቷ፦ ምን ያላደረገው አለ? በታኅሣሥ 1974 እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ ይሄዳል። እዚያ ፊያሜታ የምትባለውን ሲያያት ሮማን ከሐሳቡ ትወጣለች። እኛ ደግሞ «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» እንድንል ይጠበቅብናል።

ጋሼ፦ የጠላሽው ጸጋዬን ነው ወይስ በዓሉ ግርማን?

ልጅቷ፦ ልዩነት አለው?

ጋሼ፦ አለው እንጂ! ሰውዬው ከዳተኛ ነው ካልሽ በዓሉ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ የሌለ ሰው ፈጥሮ አስቆጣሽ። ደራሲው ራሱ ለሮማን ዓይን ነፍጓታል ካልሽ ግን ሌላ ክስ ነው፤ ለሱ ማስረጃ ማምጣት አለብሽ። ቆይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።

(ጋሼ ከመደርደሪያው ሥር ካለ ካርቶን በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ አወጡ። ሽፋኑ ላይ የዶሮ ሥዕል አለ።)

ልጅቷ፦ ይሄ የዶሮ እርባታ ነው እንዴ?

ጋሼ፦ ሽፋኑ ነው የዶሮ እርባታ። ሆዱ ኦሮማይ ነው። በ1975 ኩራዝ አሳታሚ አወጣው፣ ብዙ ሳይቆይ ታገደና ከየመሸጫው ተለቀመ። ይቺ አንድ ቅጂ አመለጠች። ሌላውን መጽሐፍ በቀን በ25 ሳንቲም ሳከራይ ይችን በ2 ብር አከራይ ነበር፣ ያውም ለማውቀው ሰው ብቻ። እስኪ ሳትገልጪው ከጎን በኩል እዪው።

ልጅቷ፦ ጠርዙ ቦታ ቦታው ላይ ጠቁሯል።

ጋሼ፦ የጣት እድፍ ነው። እዚህ ጋ ተነፋፍቶ የጠቆረውን ግለጪው። ማን አለች?

ልጅቷ፦ ፊያሜታ!

ጋሼ፦ ይሄ ነጭ ሆኖ የቀረውስ?

ልጅቷ፦ ስብሰባ። ጋሼ፣ ያኔም ይዘሉ ነበር ማለት ነው!

ጋሼ፦ ይዘሉ ነበር። ያ ጓደኛሽ አዲስ ነገር አላመጣም። አሁን ወደ መጨረሻው ሂጂ፤ እሱም ጠቁሯል። የናቅፋ ውጊያ ነው። አንዱ ተከራይ ወታደር ነበር። ሦስት ሳምንት አስቀምጦ ሲመልሰው ቅጣት ጠየቅኩት፤ «እኔ እዚያ ነበርኩ» ብሎኝ ሄደ። ከተራራዎቹ ስም ሥር በእርሳስ ያሰመረው እሱ ነው። ፊያሜታ ባለችበት አንድም መስመር የለውም። ከፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕም እየመጡ ይወስዱ ነበር፤ ማንዴላ በ1954 የሠለጠነበት ግቢ ማለቴ ነው። የታገደ መጽሐፍ ለፖሊስ ማከራየት! ዛሬ ሳስበው ያልበኛል።

ልጅቷ፦ እና ማናቸው ናቸው ልክ?

ጋሼ፦ መጀመሪያ አንድ ልጠይቅሽ። ያ ስለ ጨዋታው የነገርሽኝ የአሜሪካኖች መጽሐፍ ማን ነበር የሚባለው?

ልጅቷ፦ ሀንገር ጌምስ። እሱም ላይ ተጣልተናል፤ ግማሻችን የፒታ፣ ግማሻችን የጌል ደጋፊ ሆነን። የሥነ ጽሑፍ መምህራችን «ይሄ ዲስቶፒያ ነው፣ ስለ ክፉ መንግሥት ነው፤ እናንተ ባል መምረጥ ያዛችሁ» ብለው ሳቁብን።

ጋሼ፦ መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ ፒታን መጀመሪያ ላይ እንዴት ነው የወደደችው?

ልጅቷ፦ መጀመሪያ ላይማ የካሜራ ፍቅር ነው። ሕዝቡ የሞት ጨዋታቸውን በቴሌቪዥን እያየ ነው፤ ፍቅረኛ ከመሰሉ ስጦታ ይላክላቸዋል፣ በሕይወት ይቆያሉ። በኋላ እሷ ራሷ የቱ እውነት እንደሆነ ይጠፋታል።

ጋሼ፦ እንግዲያው መምህራችሁ ቸኩለዋል። መንግሥቱ የገባው እኮ ፍቅሩ ውስጥ ነው። ፍቅሩን ቆርጠሽ ብትጥይው ክፋቱም አብሮ ይወጣል። አሁን ወደ ጸጋዬ ተመለሺ። ሥራው ምንድን ነው?

ልጅቷ፦ ጋዜጠኛ። ደርግ ኤርትራ ውስጥ የከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ።

ጋሼ፦ የመንግሥት አፍ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚናገረው ተጽፎ፣ ታይቶ፣ ተፈቅዶ ነው። ያልተፈቀደ ቃል የሚወጣው ከፊያሜታ ጋር ሲሆን ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ከተማው ሰላይና የሰላይ ሰላይ የሞላበት ስለሆነ የሚያምነውን አያውቅም። «ፍቅሩ ባይገባበት» ያለው ጓደኛሽ የዘመቻ ሪፖርት ነው የፈለገው፤ ያንን በዓሉ በመሥሪያ ቤቱ ሲጽፍ ኖሯል፣ ለዘመቻውም ራሱ አስመራ ነበር። ስብሰባውን የዘለለው ደግሞ ሁለቱ ሲያንሾካሽኩ ምን እንደሚፈሩ አያውቅም። ጣፋጭ ጣፋጩን በላና ወጡ አላጠገበኝም አለ።

ልጅቷ፦ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ በእንግሊዝኛ አንብባው «አሪፍ የስለላ መጽሐፍ ነው» ነው ያለችው። ሌላ ምንም አላለችም።

ጋሼ፦ ዴቪድ ደጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ የተረጎሙት ነው፤ በ2017 ነው የወጣው። አልፈርድባትም። የእንግሊዝኛው አንባቢ አስመራን የሚያውቀው በካርታ ነው። ለኔ ግን ርዕሱ ብቻ ሆዴን ይቆርጠው ነበር። ቃሉ ከጣሊያንኛ ነው የመጣው፤ አስመራ ላይ «በቃ፣ አለቀ፣ አከተመ» ለማለት ይሉታል። አንድ መንግሥት ድል ሊያውጅ በሚዘምትበት ዘመቻ ላይ «አከተመ» የሚል መጽሐፍ!

ልጅቷ፦ ታዲያ ኦሮማይ ዲስቶፒያ ነው?

ጋሼ፦ የፈረንጆቹ «ወደፊት እንዲህ ያለ መንግሥት ቢመጣስ» ይላሉ። ኦርዌል በፈረንጆቹ 1949 ባወጣው መጽሐፍ እንኳ ታሪኩን 35 ዓመት ወደፊት ገፍቶ፣ ሁለት ፍቅረኛሞች አስገብቶበት ነው። በዓሉ መግፋት አላስፈለገውም። አቤ ጉበኛም በ1955 ከእናቱ ማኅፀን ሆኖ «እዚህ አገር አልወለድም» ብሎ የሚከራከር ጽንስ ጻፈ፤ መጽሐፉ አልወለድምም ታገደ። እኛ አገር ወደፊትን የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ ያለው ነገር ይበቃዋል።

ልጅቷ፦ በዓሉ ግን መጨረሻው…

ጋሼ፦ መጽሐፉ እንደወጣ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነቱ ተባረረ። በየካቲት 1976 አንድ ማታ ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። አስከሬኑም አልተገኘ፣ መቃብርም የለውም። እና አሁን የምነግርሽን በደንብ ስሚኝ። እኔ ይችን መጽሐፍ አሥር ዓመት መተቸት አልቻልኩም። ሰው «እዚህ ጋ ይንዛዛል» ሲለኝ እጣላው ነበር። የሞተ ሰው የተሰደበ ይመስለኝ ነበር። ለቅሶ ቤት ተቀምጠሽ ወጡ ጨው በዛበት አትይም።

ልጅቷ፦ አሁንስ?

ጋሼ፦ አሁን አንቺ መጣሽ። የሮማንን ነገር ስትናገሪ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። አርባ ዓመት ሳነበው፣ ያቺ ልጅ አዲስ አበባ ቁጭ ብላ ምን ትሆን ይሆን ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። ወታደሩም፣ ፖሊሶቹም፣ እኔም ከጸጋዬ ጋር አስመራ ወርደን ቀረን። አንቺ ለበዓሉ የምትከፍይው የኀዘን ዕዳ ስለሌለብሽ አየሻት። እሷ በዘመቻውም በፍቅሩም የተተወች ናት፤ ደራሲውም የሰጣት ቦታ ትንሽ ነው። ክስሽን ተቀብያለሁ።

ልጅቷ፦ አሸነፍኩ ማለት ነው?

ጋሼ፦ ቀስ በይ። መጽሐፉ ወደቀ አላልኩም፤ አንድ ጎኑ ቀጭን ነው አልኩ። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ሲወጣም፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበውም ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ እናቶች ለሰብለ ወንጌል ሲያለቅሱ ተማሪው ጉዱ ካሳን ይዞ ይሟገታል። መጽሐፉን ክርክሩ አልጎዳውም።

ልጅቷ፦ ስለዚህ የፈለገ የፈለገውን ቢል ልክ ነው?

ጋሼ፦ አላልኩም! መሃል ላይ የተወችው ጓደኛሽ «አልሳበኝም» ማለት መብቷ ነው፤ «መጥፎ ነው» ማለት ግን አትችልም፣ ግማሹን ነው የምታውቀው። እያለቀሰች የጨረሰችውን ደግሞ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለቀሰች ጠይቂያት። ገጹን ካልነገረችሽ የሰው ወሬ ነው ያስለቀሳት። እኔም ጥፋት አለብኝ። በ2001 የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ ሲወጣ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ይሄን በር አንኳኳ፤ ዓመታት መጽሐፍ ያልያዘ ልጅ ሁሉ። ሠላሳ ገጽ አንብቤ «ግጥምጥሞሹ በዛ» ብዬ አጣጣልኩት። ልጆቹ የጣና ገዳምና የጠፈር ሳይንቲስት በአንድ መጽሐፍ ሲያገኙ ምን እንደተሰማቸው ሳልጠይቅ ቀረሁ። ትችቴን ዛሬም አልተውም። ግን ልጆቹ ተመልሰው አልመጡም።

ልጅቷ፦ ይችን ይዣት ልሂድ? ለጓደኞቼ የጣቱን እድፍ ላሳያቸው።

ጋሼ፦ እስከ ቅዳሜ። ኪራይ የለውም። የመጨረሻውን ባዶ ገጽ ግለጪው።

ልጅቷ፦ በእርሳስ ተጽፎበታል፤ ብዙ የእጅ ጽሑፍ።

ጋሼ፦ የወደደም የተናደደም አንድ ነገር ይጽፍ ነበር፤ ስም የለም፣ አይቻልማ። አንዱ «ፊያሜታን ለኔ» ብሏል፣ ከሥሩ ሌላው ሰድቦታል። ሴቶቹ በወንድሞቻቸው በኩል ነበር የሚያስወስዱት፤ የሴት ጽሑፍ አንድም የለበትም። ከታች አራት ጣት የምታህል ቦታ ቀርታለች። እርሳሱ ደብተሮቹ ጋ አለ፣ ውሰጂ።